አንድ በጀት፣ አራት መሥሪያ ቤት

ምልልሱ የተደረገው ፍራንክፈርት ውስጥ ነው። እትዬ የምንላቸው ሴት በአንድ የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ደመወዝ ክፍል ለረጅም ዓመታት የሠሩ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ኤም ኤስ የተባለው የነርቭ ሕመም ከያዛቸው ወዲህ እግራቸው ይከዳቸዋል፣ ጣታቸው ይደነዝዛል፣ ቀኑ ሲጋመስ ዓይናቸው ይፈዛል። ከሒሳብ ጋር ግን አልተጣሉም። አማካሪው፣ በጤና እክል ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሥራ ለከበዳቸው ሰዎች ነጻ ምክር በሚሰጥ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። ዓመታቱ በአውሮፓ፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

እትዬ፦ ቁርጡን ንገረኝ ልጄ። በዚህ የግል በጀት ገንዘቡን ሊሰጡኝ ነው ወይስ ሥራቸውን ሊያሸክሙኝ?

አማካሪ፦ መጀመሪያ በእርስዎ ጉዳይ ስንት መሥሪያ ቤት እንዳለ ይንገሩኝ።

እትዬ፦ አራት። የጤና መድኑ ክራንከንካሰ ሕመሙ ከሥራ ሲያስቀረኝ የሕመም ገንዘብ ይከፍለኛል፤ ከደመወዜ ከመቶ ሰባ እጅ፣ እሱም 78 ሳምንቱ እስኪሞላ ነው። ሊሞላ ምንም አልቀረው። የጡረታ መድኑ ወደ ሥራ የሚያመላልሰኝን መኪና ይከፍላል፤ ከ15 ዓመት በላይ ስለከፈልኩ ጉዳዩ በእነሱ በኩል ነው አሉኝ። አካል ጉዳተኞችን በሥራ የሚደግፈው ኢንቴግራሲዮንስአምት ቢሮ ውስጥ የምትረዳኝን ሰው ይፈቅዳል። ለቤት ደግሞ የእንክብካቤ መድኑ ፍሌገካሰ አለ፤ የእንክብካቤ ደረጃዬ ሁለተኛ ነው። አራት ፋይል፣ አራት የመዝገብ ቁጥር፣ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች።

አማካሪ፦ አራቱ የሚገናኙት የት ነው?

እትዬ፦ የኔ ምግብ ጠረጴዛ ላይ። ብሪፉ፣ ደብዳቤው ሁሉ፣ እዚያ ነው የሚከመረው።

አማካሪ፦ የግል በጀት የሚሉት ነገር የመጣው ለዚህ ነበር። ሐሳቡ በ2001 ሕግ ውስጥ ገባ፤ መንግሥት አገልግሎቱን ራሱ መርጦ ከሚልክ ገንዘቡን ለሰውየው ይስጠውና ማን እንደሚረዳው፣ በስንት ሰዓት እንደሚረዳው ራሱ ይወስን ተባለ። በመጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ደስ ካለው ብቻ የሚሰጥ ነበር። ከ2004 እስከ 2007 በአንዳንድ አካባቢዎች ተሞከረና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ መብት ሆነ። ዛሬ በዘጠነኛው የማኅበራዊ ሕግ መጽሐፍ አንቀጽ 29 ላይ ያገኙታል። ከአንድ በላይ መሥሪያ ቤት ሲኖር ሁሉም ድርሻቸውን አዋጥተው በአንድ እጅ ይስጡ ይላል።

እትዬ፦ “ይላል” ስትል ፊትህን አየሁት።

አማካሪ፦ ምን ላድርግ፣ በተግባር አብዛኛው በጀት የአንድ መሥሪያ ቤት በጀት ነው። አራቱ ተደምረው በአንድ ውሳኔ የሰጡት ብርቅ ነው።

እትዬ፦ ታዲያ ለምን ያስለፋኛል? ለየብቻቸው ይስጡኝ፣ እኔም እንደለመድኩት እለያያቸዋለሁ።

አማካሪ፦ እስቲ የሥራ ቀንዎን ከጠዋት እስከ ማታ ይንገሩኝ።

እትዬ፦ ጠዋት ደህና ነኝ። መኪናው ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ሹፌሩ ከድርጅቱ በር ላይ ያወርደኛል። ከመኪናው እስከ ሊፍቱ ያለውን ግን አይነካም፣ ውሉ ውስጥ የለም። እስከ ስድስት ሰዓት ማንንም አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ መፍዘዝ ይጀምራል። ሰነድ የሚያነብልኝ፣ ማኅደር የሚያወርድልኝ፣ የምለውን የሚጽፍልኝ ሰው ያኔ ነው የሚያስፈልገኝ። ሒሳቡን ግን እኔው ነኝ የምሠራው።

አማካሪ፦ እሱን እንዳይረሱት፤ ሲጠይቁዎት ደጋግመው ይንገሯቸው። የሥራ ረዳት የሚፈቀደው ዋናውን ሥራ ባለቤቱ ራሱ ሲሠራ ብቻ ነው። ረዳቷ እጅና ዓይን ትሆናለች እንጂ የደመወዝ ሒሳብ አትሠራም።

እትዬ፦ ብትሠራማ ለምን እኔን ይቀጥሩኛል! ስምንት ሰዓት ላይ ረዳቷ ትሄዳለች፣ መኪናውም ቤቴ በር ላይ ጥሎኝ ይሄዳል። ደረጃውን እንደምንም እወጣለሁ። ከፍሌገ የምትመጣው ልጅ ተርሚኗ፣ ቀጠሮዋ፣ አሥር ሰዓት ነው። እስከዚያ ካፖርቴን እንደለበስኩ ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ። ቁልፉን እፈታለሁ ብዬ ስታገል ያለችኝ ጉልበት ታልቃለቻ።

አማካሪ፦ ይኸው፣ የነገሩ ሥር እዚህ ነው። የቢሮዋ ረዳት ከቢሮው በር ስትወጣ ሥልጣኗ ያበቃል። የቤቷ ረዳት ከቤቱ በር በፊት አትጀምርም። ሹፌሩ መሪውን እንጂ እርስዎን አይዝም። ከቢሮ በር እስከ ቤት በር፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ እርስዎ የማንም አይደሉም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየራሱን ሥራ በትክክል ሠርቷል፤ ማንም አጠፋ የሚባል የለም። እርስዎ ግን ካፖርት ለብሰው ተቀምጠዋል።

እትዬ፦ ከዚያም በማግስቱ ስለደከመኝ እቀራለሁ። አለቃዬ “ሥራው ከበዳት” ይላል። ሥራው አልከበደኝም። ቀኑን የሚያበላሽብኝ ከሥራው በኋላ ያለው ነው።

አማካሪ፦ በበጀት ቢሆን ደስ ያለችዎትን አንዲት ሴት ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ይቀጥራሉ። ቢሮ ትረዳዎታለች፣ ደረጃውን ታወጣዎታለች፣ ካፖርቱን ታወልቃለች። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ከኢንቴግራሲዮንስአምት፣ የኋላው ከፍሌገ። የመንገዱን ሰዓት ማን ይያዘው በሚለው ላይ መከራከር አለብን፤ እሱን አልደብቅዎትም።

እትዬ፦ ጥሩ። አሁን ቁጥሩን አምጣው።

አማካሪ፦ የትኛውን?

እትዬ፦ የፍሌገውን። አሁን አገልግሎቱን በዓይነት ነው የማገኘው፤ ለሁለተኛ ደረጃ በ2025 በወር እስከ 796 ዩሮ የሚያወጣ። ሰው ራሴ ልቅጠር ብዬ በጥሬ ገንዘብ ብወስደው ስንት ነው?

አማካሪ፦ 347።

እትዬ፦ ከግማሽ በታች!

አማካሪ፦ አዎ። 796ቱን በግል በጀት ውስጥ ላስገባው ካሉም ሕጉ በጥሬ ገንዘብ አይሰጥዎትም፤ የአገልግሎቱን ዋጋ በኩፖን ነው የሚሰጠው። ኩፖኑ የሚሠራው ደግሞ ፈቃድ ባላቸው የእንክብካቤ ድርጅቶች ዘንድ ብቻ ነው።

እትዬ፦ አየህ፣ የአንድ እጅህ ነገር እዚህ ላይ ተሰበረ። በአንድ ኪስ ዩሮ፣ በሌላው ኩፖን ይዤ አንዲት ሴት ልቀጥር? ውሏን በምን ቋንቋ ልጻፍላት?

አማካሪ፦ ልክ ነዎት። የበጀቱ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው፤ ሲያስተዋውቁት ግን አይነገርም።

እትዬ፦ እንግዲያው ልጠይቅህ። የፍሌገዋ ልጅ ተርሚኗን ከአሥር ሰዓት ወደ ስምንት ተኩል ብታመጣልኝስ? ምንም በጀት አያስፈልገኝም ነበር እኮ። አንድ ስልክ ነው። ኢንቴግራሲዮንስአምት ረዳቷን እስከ ስምንት ሰዓት ፈቅጃለሁ ብሎ ለፍሌገው ቢነግር፣ ፍሌገው ደግሞ ሰዓቱን ቢያዛውር አለቀ።

አማካሪ፦ ያንን ስልክ የሚደውለው ማን ነው?

እትዬ፦ እስካሁን እኔ ነኝ። ደውዬም “ይህ የኛ ክፍል አይደለም” ተብያለሁ።

አማካሪ፦ ሕጉ ግን የእርስዎ ሥራ አይደለም ይላል። ማመልከቻዎ መጀመሪያ የደረሰው መሥሪያ ቤት ጉዳዩ የኔ ነው ወይስ የሌላ የሚለውን በሁለት ሳምንት ውስጥ አጣርቶ መወሰን አለበት። ካልሆነ ለሚመለከተው ያስተላልፋል፤ ሁለት ሳምንቱን አሳልፎ ከተቀመጠ ግን ጉዳዩ እሱ ላይ ይረጋል። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን የሚጠይቅ፣ አስተያየታቸውን የሚሰበስብ፣ ዕቅዱን የሚጽፍ እሱ ነው። ብዙዎች ሲሳተፉ በስድስት ሳምንት፣ የጋራ ስብሰባ ከተጠራ በሁለት ወር ውስጥ ውሳኔ መውጣት አለበት። ስብሰባው እርስዎ ካልተስማሙ አይደረግም፤ እርስዎም ሊጠይቁት ይችላሉ።

እትዬ፦ ይህ ሁሉ ሕግ እያለ እኔ ለምን ስልክ ስደውል ከረምኩ?

አማካሪ፦ አብዛኛው ሰው እንደ እርስዎ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለየብቻው ስለሚያመለክት። አራት ማመልከቻ አራት ፋይል ይወልዳል። አራቱንም በአንድ ማመልከቻ ጠርቶ “ፍላጎቴ ይህ ነው፣ የሚመለከታችሁን እናንተ ተካፈሉት” ያለ ሰው ነው ግዴታውን የሚቀሰቅሰው። ቀን ያለበት የመቀበያ ማኅተምም ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ሁለቱ ሳምንት ከመቼ እንደሚቆጠር መከራከሪያ የለም።

እትዬ፦ አገር ቤት እድር ላይ እንኳ ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ማን ምን እንደሚሠራ ለባለ ጉዳዩ አይተውለትም። ጸሐፊው ድንኳኑን ለአንዱ፣ ውኃውን ለአንዱ ይደለድላል። ሐዘንተኛው ሲዞር አይውልም።

አማካሪ፦ ግን ወንድምዎ ከዚያ ሲደውል የሚቀናው በእርስዎ ነው አላሉኝም?

እትዬ፦ ይቀናል፣ ለምን አይቀና! እሱ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱን ወር ግማሽ፣ ሦስቱን ወር ባዶ። የኢትዮጵያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ከስድስት ወር በላይ አያሻግርህም። “አንቺ ከዓመት በላይ ታመሽ ይከፍሉሻል” ይለኛል። እኔም አላማርርም። ያለው ነገር ስለሚባክን ነው የምቆጣው። የደመወዝ ክፍል ሰው ነኝ፣ ብክነት አይዋጥልኝም።

አማካሪ፦ ቁጣዎን በጀቱ ላይ እንዳያሳርፉት ብቻ። የረዳቷን ምርጫ ለሌላ ሰው ትተውት ያውቃሉ?

እትዬ፦ ትቼ ነበር። ከአንድ ድርጅት በየሳምንቱ አዲስ ሰው ይልኩልኝ ነበር። ለአዲሷ የፋይሉን አቀማመጥ አስተምሬ ስጨርስ ዓይኔ ደክሟል። ሳምንቱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ። አንዷ የሠራተኞቹን ደመወዝ ጮክ ብላ ስታነብልኝ አለቃዬ ሊያብድ ደረሰ። የሰው ደመወዝ ምሥጢር ነው!

አማካሪ፦ እዚያ ላይ ነው በጀቱ የሚሰጠው ነገር። አንድ ሰው፣ የመረጡት፣ አፉን የሚዘጋ፣ ሲደክሙ ከመናገርዎ በፊት የሚያውቅ።

እትዬ፦ እሱን አልክድም። ግን እሷን ስቀጥር አሠሪ እሆናለሁ። ውል፣ የአደጋ መድን፣ የዓመት ፈቃድ፣ የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ። በ2025 ልክ በወር እስከ 556 ዩሮ ከሆነ በሚኒጆብ፣ በአነስተኛ ሥራ ደንብ፣ ከበለጠ በሙሉ። ለድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ ስሠራው የኖርኩት ነው፤ ለአንዲት ሴት አያቅተኝም። አንድ ነገር ግን እፈራለሁ። እሷ ስትታመም ደመወዟን እከፍላለሁ፤ ሕግ ነው። በዚያው ሳምንት የምትተካትንስ በምን እከፍላለሁ?

አማካሪ፦ በጀቱ ሲሰላ መግባት ያለበት ይህ ነው። ብዙ ሰው የሰዓት ክፍያውን ብቻ አስልቶ ይፈርማል። ፈቃድና የሕመም ቀን ሲመጣ በጀቱ ይጎድላል።

እትዬ፦ ስለ በጀቱ ልክ ሕጉ ምን ይላል?

አማካሪ፦ የተረጋገጠውን ፍላጎት ይሸፍን፣ አስፈላጊው ምክርና ድጋፍም በውስጡ ይገኝ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ድምሩ ያለ በጀት ቢሰጥ ኖሮ ከሚፈጀው ወጪ መብለጥ የለበትም ይላል።

እትዬ፦ ቆይ፣ ቆይ። ዛሬ አገልግሎቱን የሚያቀናጀው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ደመወዙ ከመሥሪያ ቤቱ ነው። ነገ የማቀናጀው እኔ፣ ወይም እኔ የምከፍለው ሰው ነው። ጣሪያው ግን ያው ጣሪያ ነው። እንግዲህ የማቀናጃው ገንዘብ ከየት ሊመጣ ነው? ከረዳቴ ሰዓት ተቆርጦ!

አማካሪ፦ አቆራረጡ እንደዚያ ነው የሚሆነው፣ ዝም ካልን። ሕጉ ጣሪያውን ፍጹም አላደረገውም፤ በተለየ ሁኔታ ማለፍ ይቻላል። ግን ለማለፍ ሥራው በስሙ መጠራት አለበት። “እትዬ ጎበዝ ናቸው፣ ራሳቸው ይሠሩታል” ከተባለ ያ ሥራ በነጻ ተወሰደ ማለት ነው።

እትዬ፦ እኔስ ጎበዝ ነኝ፣ ሒሳብ እችላለሁ። ቤተ ክርስቲያን የማውቀው አንድ ልጅ አለ፤ ድባቴ ይዞት ከሥራ ከቀረ ቆየ። ብሪፍ መክፈት ራሱ ሕመሙ ነው። ፖስታውን ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል። እሱን “በጀት እንስጥህ፣ አሠሪ ሁን፣ ረዳትህን ምረጥ” ልትሉት ነው?

አማካሪ፦ ማንም አያስገድደውም። በጀት የሚሰጠው ለጠየቀ ብቻ ነው።

እትዬ፦ እሱማ አይጠይቅም! ስለዚህ በጀቱ የሚደርሰው ትንሽ ለታመምነው፣ ወረቀት ለማንፈራው ነው። ይበልጥ የሚያስፈልገው ውጭ ይቀራል። ይህን ለአለቆችህ ንገራቸው።

አማካሪ፦ እነግራቸዋለሁ። የእሱ ዓይነት ሰው ከእርስዎ የበለጠ የሚያስፈልገው ፖስታውን አብሮት የሚከፍት ሰው ነው። ያም ሰው በበጀቱ ውስጥ ሊከፈለው ይችላል፤ ግን በጀቱ እስኪፈቀድ ያለውን ፖስታስ ማን ይከፍታል? እዚያ ላይ የኛ ቢሮ ይገባል። ከ2018 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የተከፈቱት እንዲህ ያሉ ቢሮዎች ምክራቸው ነጻ ነው፣ ከሚከፍሉትም መሥሪያ ቤቶች አንዱም ጌታቸው አይደለም። ድርጅቱም ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛው በዓመት ውስጥ ከስድስት ሳምንት በላይ ከታመመ ጠርቶ “ምን ብናደርግ ትመለሳለህ?” ማለት አለበት።

እትዬ፦ እኔን ጠርተውኛል። ቡናም ነበረ። ቡናው ካለቀ በኋላ የሆነ ነገር የለም።

አማካሪ፦ እርስዎ ይህን ሲሉ የእንግሊዞቹ ሙከራ ትዝ አለኝ። የመቆጣጠር መብት ብለው በሰባት አካባቢዎች ከ2010 መጨረሻ እስከ 2013 ሞከሩት። የሥራ ድጋፉን፣ የማኅበራዊ እንክብካቤውን፣ የቤት ማስተካከያውን ገንዘብ ሁሉ፣ በድምሩ ስድስት ዓይነት፣ ሰውየው በአንድ ዕቅድ እንዲያዝበት። ሲገመገም ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አልተገኘም።

እትዬ፦ ለምን?

አማካሪ፦ የኔ ግምት፣ ለሰውየው መብት ሰጥተው ሠራተኞቹን በየራሳቸው ደንብና በየራሳቸው ኮምፒውተር ስለተዉአቸው ነው። ገንዘቡን መደመር ይቀላል። ሰዎቹን ማነጋገር ነው ያቃተው።

እትዬ፦ በል እሺ። የረዳቷ ገንዘብ ራሱ የሚመጣው ከየት ነው? ከግብር ነው?

አማካሪ፦ አይደለም። ሃያና ከዚያ በላይ የሥራ ቦታ ያለው ድርጅት ከመቶ አምስቱን ከባድ የአካል ጉዳት ላላቸው መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ቅጣት የመሰለ ክፍያ ይከፍላል። ኢንቴግራሲዮንስአምት ለእርስዎ ረዳት የሚከፍለው ከዚያ ነው።

እትዬ፦ እንደኔ ያለውን ሰው አልቀጥርም ያሉት ናቸዋ ለረዳቴ የሚከፍሉት! ደስ አለኝ። ይህን ለአለቃዬ ሳልነግረው አላድርም።

አማካሪ፦ ወደ ማመልከቻው እንግባ? የመጀመሪያው በር የጡረታ መድኑ ይሁን፤ ትልቁን የሥራ ጉዳይ የያዘው እሱ ስለሆነ። በአንድ ወረቀት ላይ አራቱንም እጠራለሁ።

እትዬ፦ ፍሌገውን ከበጀቱ አውጣልኝ። በዓይነት እንዳለ ይቀጥል፣ 796ቱን ለ347 አልለውጥም። ስሙ ግን ከዕቅዱ አይውጣ። ተርሚኗን ወደ ስምንት ተኩል እንድታመጣው ተብሎ ይጻፍ።

አማካሪ፦ ጥሩ ነው። የቢሮው ረዳትና መጓጓዣው በበጀት?

እትዬ፦ ረዳቷ በበጀት። መጓጓዣው... ሹፌሩን እወደዋለሁ፣ በሰዓቱ ይመጣል። ለምን እነካዋለሁ? እነሱው ይክፈሉት። ከመኪናው እስከ ሊፍት ግን የረዳቷ ሰዓት ውስጥ ይግባ፣ ሩብ ሰዓት ነው።

አማካሪ፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለሩብ ሰዓት ትመጣለች?

እትዬ፦ አትመጣም፣ እውነትህን ነው። ታዲያ ያንን በር ላይ ያለው የድርጅቱ ዘበኛ ይሥራው፤ ድርጅቱም ትንሽ ነገር ያዋጣ እንጂ። ይህንንም ጻፍ።

አማካሪ፦ እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥዎት ማለት ነው። በጀቱ ከተፈቀደ ለስድስት ወር ያስርዎታል፤ ካልተስማማዎት ከዚያ በኋላ መተው ይችላሉ።

እትዬ፦ ስድስት ወር እችላለሁ። ሒሳቡንስ በየወሩ በደረሰኝ አምጪ ይሉኛል?

አማካሪ፦ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በሚፈራረሙት የግብ ስምምነት ላይ ነው የሚወሰነው። ሕጉ የሚፈልገው ፍላጎቱ መሸፈኑ እንዲታይ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ደረሰኝ ግልባጭ ሳይሆን የረዳቷን ሰዓትና ደመወዟን የሚያሳይ አንድ ገጽ በየሦስት ወሩ ብለን እናቅርብ።

እትዬ፦ አንድ ገጽ ብቻ ከሆነ በደስታ። አሁን ያችን ነገር። በወር ሦስት ሰዓት “የማቀናጃ ሥራ” ብለህ ለብቻው መስመር ስጠው። ውል፣ ተተኪ መፈለግ፣ ከአራቱ ጋር መነጋገር። ከረዳቷ ሰዓት አይቀነስ፣ ከላዩ ይደመር።

አማካሪ፦ ይህንን ሊሰርዙት ይሞክራሉ።

እትዬ፦ ይሞክሩ። ሲሰርዙት በጽሑፍ ምክንያት ይስጡ። ተቃውሞ ማቅረቢያው አንድ ወር ነው አይደል?

አማካሪ፦ አንድ ወር ነው። የጋራ ስብሰባውንም ልጠይቅልዎት?

እትዬ፦ ጠይቅ፣ እስማማለሁ። ከስድስት ሰዓት በፊት ይሁን በል ግን። ከቀትር በኋላ ካደረጉት ወረቀቱን ዓይኔ ስለማያነበው የሚያነብልኝ ሰው እነሱ ይቅጠሩ።

አማካሪ፦ “ጠዋት፣ ቢዘገይ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል” ብዬ ጽፌዋለሁ። እዚህ ላይ ይፈርሙ፤ ማኅተሙን ነገ በአካል ሄጄ አስመታዋለሁ።